ገና ሲጀመር ይቁም?

ስለ ስፓኒሽ ትምህርት ያነበብኩት ጽሑፍ «ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሁለት ዓመት ስፓኒሽ መማር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከፍተኛ ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ማሳመሪያ ነው» ማለቱ አልተዋጠልኝም። በሁለት ዓመት የሚያዘው ሰላምታ፣ ምግብ ማዘዝና «ትናንት ሄድኩ» ማለት ነው። ምኞትና ጥርጣሬ ሲመጡ ግሱ ራሱ መልኩን ይቀይራል። «ትመጣለህ» «ቢዬኔስ» ነው፤ «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» ሲሆን ግን «ኪዬሮ ኬ ቤንጋስ» ይሆናል። ይሄ ሳይገባ ሐሳብን በወጉ መግለጽ ከባድ ነው።

ማዳመጡም አለ። ስፓኒሽ በ20 አገሮች ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው። የመማሪያ መጽሐፉን የድምፅ ቅጂ ብቻ የለመደ ጆሮ ኩባዊ ሲያወራ ግራ ይገባዋል፤ ኩባውያን ብዙ ጊዜ የቃሉን መጨረሻ «ስ» ይውጧታል። የአርጀንቲና ዋና ከተማ የቦነስ አይረስ ሰው ደግሞ «ዮ»ን «ሾ» ይላታል። ከፍተኛው ክፍል ዜናና ቃለ መጠይቅ የሚያሰማው ለዚህ ነው።

ከፍተኛው ክፍል የሚገቡትን፣ ቤታቸው ስፓኒሽ የሚነገር ተማሪዎችን «ቀላል ውጤት ፈላጊ» ማለቱ ደግሞ በጣም ያስተዛዝባል። ንግግሩ ላይ ማን ይችላቸዋል! ወረቀት ላይ ግን ሌላ ጣጣ ነው። «ቤ» (b) እና «ኡቤ» (v) የሚባሉት ፊደላት ድምፃቸው አንድ ነው፤ «አቼ» (h) ብቻዋን ስትሆን ጭራሽ አትሰማም። በጆሮ ብቻ የተማረ ሰው የቱን እንደሚጽፍ በምን ይወቅ? ድርሰት መጻፍ የሚማሩት እዚህ ክፍል ነው።

እርግጥ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ «ባዶ ቦታውን ሙሉ» ብቻ የሚያሠራ ከሆነ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ያን ጊዜ ሌላ ትምህርት ቢወሰድ ይሻላል።