ረቢ ኦቫድያን በፎቶ ብቻ አናስታውሳቸው

እስራኤል ውስጥ ምርጫ በመጣ ቁጥር የረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ፎቶ በየግድግዳው ይለጠፋል። ጥቁር መነጽር፣ ጥምጥም፣ በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ካባ። ካረፉ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ መንፈሳዊ መሪው ለነበሩት ለሃይማኖታዊው ሻስ ፓርቲ ግን ዛሬም ድምፅ ያመጡለታል። ሰውየው የፖስተር ሰው ብቻ ሆነው መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920 ባግዳድ ተወለዱ። በአራት ዓመታቸው ቤተሰቡ ኢየሩሳሌም ገባ። አባታቸው ሱቅ ስለነበራቸው ልጁ ትምህርቱን ትቶ እንዲያግዛቸው ፈለጉ። የፖራት ዮሴፍ የሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ኃላፊ ረቢ ዕዝራ አቲያ ግን ሱቁ ድረስ ሄደው፣ ልጁ ይማር እንጂ እኔ በእሱ ፈንታ እሠራለሁ አሉ ይባላል። ልጁም ተማረ። ኋላ ካይሮ በዳኝነት አገለገሉ፤ ከ1973 እስከ 1983 የእስራኤል ሰፋርዲ (በዋናነት ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የመጡት አይሁድ) ዋና ረቢ ሆኑ።

የእሳቸው ትልቅነት በሕግ አፈራረዳቸው ነው። "አይፈቀድም" ለማለት ብዙ መማር አያስፈልግም። የሚፈቀድበትን መንገድ በሕጉ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ግን ዕውቀትም ድፍረትም ይጠይቃል። ከ1973ቱ ጦርነት በኋላ ባሎቻቸው የት እንደወደቁ ያልታወቀ ሴቶች ነበሩ። በአይሁድ ሕግ የባል መሞት ካልተረጋገጠ ሚስት ሌላ ማግባት አትችልም። ረቢ ኦቫድያ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አይተው ወደ 1,000 የሚጠጉ ሴቶችን ነጻ እንዳወጡ ይነገራል።

የቤተ እስራኤል ውሳኔም ከዚያው ዓመትና ከዚያው ጭንቅላት የወጣ ነው። ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው ጻፉ። ይህን ከራሳቸው አላመነጩትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ፣ ከሐበሻ ምድር በምርኮ ስለመጣች አንዲት ሴትና ስለ ልጇ ተጠይቀው የሰጡትን መልስ ነው የተከተሉት። በ1975 የእስራኤል መንግሥት፣ ለአይሁድ ሁሉ አገሪቱ ገብቶ የመኖር መብት የሚሰጠው የመመለስ ሕግ ቤተ እስራኤልንም እንደሚያካትት ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ቤተ እስራኤል በብዛት ወደ እስራኤል የተወሰዱበት የ1984ቱም የ1991ዱም ጉዞ፣ መንገዱ የተጠረገው በዚህ ነው።

ሁሉም ረቢ ግን አልተከተላቸውም። በ1985 ዋናው ረቢነት፣ ማለትም የአይሁድን ጋብቻ የሚቆጣጠረው የመንግሥት የሃይማኖት ተቋም፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ሊጋቡ ሲሉ አይሁድነታቸው እንደሚያጠራጥር ሰው መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይነከሩ አለ። ሰው ኢየሩሳሌም ላይ ተቀምጦ ሳምንታት ሙሉ ተቃወመ። ረቢ ኦቫድያ ሥልጣን ቢለቁም በአቋማቸው ጸኑ፤ የናታንያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽም በእሳቸው ፍርድ ተመርተው ያጋቡ ነበር። የረቢነቱ ምክር ቤት የኦቫድያን ፍርድ እንደ ራሱ አቋም መቀበሉ በይፋ የተሰማው በ2020 ነው። ከ47 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ውለታው እውነት ነው። ውለታ ግን አፍ አያዘጋም። ምላሳቸው አንዳንዴ ያስደነግጥ ነበር። በ2000 በናዚዎች ስላለቁት አይሁድ፣ በ2010 ደግሞ አይሁድ ስላልሆኑ ሰዎች የተናገሩትን ማንም ተከራክሮ ሊያሳምረው አይችልም።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ረቢ ኦቫድያ እስራኤል የገባ ሁሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመኑ ረቢ ዮሴፍ ካሮ የሕግ መጽሐፍ ይመራ ባይ ነበሩ። በዚህ የሞሮኮና የየመን ረቢዎች ሳይቀሩ አጉረምርመዋል። የቤተ እስራኤል ቄሶችማ ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ከዚያ መጽሐፍ ውጭ ሕዝባቸውን ስንት ዘመን አቆይተዋል። ሕዝቡ አይሁድ ነው ተባለ፤ ሕዝቡን በአይሁድነቱ ያቆዩት ቄሶች ግን በአገሩ ሕግ የማጋባት ሥልጣን ሳያገኙ ቀሩ።

በ2013 ሲቀበሩ ፖሊስ ከ700,000 በላይ ሰው እንደወጣ ገምቷል። ልጃቸው ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ በዚያው ዓመት ዋና ረቢ ሆኑ፤ ሻስም የሃይማኖት አገልግሎት ሚኒስቴርን በተደጋጋሚ ይዟል። የቄሶቹን ጉዳይ አንስቶ፣ የሚፈቀድበትን መንገድ እንደ ኦቫድያ ቁጭ ብሎ መፈለግ የእነሱ ሥራ ነበር። እስካሁን ያየነው ፖስተሩን ነው።