የተበላሸውን ለምን እንደፋዋለን?

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ላብ ውስጥ የሠራነው ነገር ቀለሙ አልመጣ አለ። ማኑዋሉ ነጭ ዝቃጭ ይላል፤ የእኛ ወደ አረንጓዴ አደላ። ሲንክ ውስጥ ደፋነው። ሪፖርቱን ከሲኒየሮቻችን ገልብጠን ከ10 ዘጠኝ አገኘን። ያ አረንጓዴ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ይህን ያስታወሰኝ የጃፓናዊው ኬሚስት የሂዴኪ ሺራካዋ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ እሱ ዘንድ የመጣ እንግዳ ተመራማሪ ከአሴቲሊን ጋዝ ፖሊመር (ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠሉበት ቁስ) ሲሠራ ካታሊስቱን፣ ማለትም ለውጡን የሚያፋጥነውን ኬሚካል፣ በስህተት 1,000 እጥፍ አበዛው። የተጠበቀው ጥቁር ዱቄት ነበር። የወጣው ግን ብር የመሰለ ስስ ሽፋን ሆነ። ሺራካዋ አልጣለውም። ስህተቱን ፈልጎ አገኘና በኋላ ሆን ብሎ ደገመው።

ከዓመታት በኋላ ኬሚስቱ አላን ማክዲያርሚድ ቶኪዮ ሄዶ በሻይ ሰዓት ስለ ሽፋኑ ሰማ። ሺራካዋን ወደ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጋበዘው። እዚያ ከፊዚክስ ተመራማሪው አላን ሂገር ጋር ሆነው አዮዲን ሲያስነኩት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ 10 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ጨመረ። ፕላስቲክ እኮ ነው! ሽቦ የምንሸፍንበት ዓይነት። በእንዲህ ያለው ፖሊመር ሰንሰለት ላይ አተሞቹን የሚያያይዙ ነጠላና ድርብ ቦንዶች ይፈራረቃሉ። አዮዲኑ ኤሌክትሮን ሲነጥቅ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ታክሲ ውስጥ አንዱ «ወራጅ አለ» ብሎ ሲወርድ የቀሩት ጠጋ ጠጋ እንደሚሉት ነው፤ በዚህ መጠጋጋት ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰዱ።

ሌላም አለ። ሶዲየም ፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ ሲሟሟ ፈሳሹ ቁልጭ ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ሶዲየሙ የለቀቀው ኤሌክትሮን የትኛውም አተም ላይ ሳያርፍ በአሞኒያ ሞለኪውሎች ተከቦ ይቀመጣል፤ ቀለሙ የእሱ ነው። ሶዲየሙ ሲበዛ ደግሞ ፈሳሹ ነሐስ ይመስላል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1808 ገደማ ፖታሲየምን በአሞኒያ ጋዝ ሲያሞቅ ሰማያዊ ቀለም አይቶ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አስፍሯል። ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ገና አይታወቅም ነበር። አሜሪካዊው ኬሚስት ቻርልስ ክራውስ የቀለሙ ባለቤት ኤሌክትሮኑ ነው ያለው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

የእኛ ችግር የችሎታ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር እነዚሁ ፖሊመሮች ላይ፣ ለሶላር ሴል ጭምር፣ ለዓመታት ሠርተዋል። ነገሩ የሚበላሸው ከታች ነው፤ ማርክ የሚሰጠው ከማኑዋሉ ጋር ለገጠመ ውጤት ሲሆን። ተማሪው ያየውን ትቶ የሚፈለገውን መጻፍ ይለምዳል።

እኔ ብሆን ሪፖርቱ ላይ «ያልጠበቅነው» የሚል ክፍል እጨምርና ከ10 ሦስቱን ለእሱ እሰጣለሁ። ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ ኬሚካሉም በቁጥር ነው፣ ማን ይደግመዋል የሚል መምህር ይኖራል። እውነቱን ነው። እሺ፣ አይደገም። «አረንጓዴ ሆነብን፣ ለምን እንደሆነ አላወቅንም» ብሎ መጻፍ ግን ኬሚካል አይፈጅም።