ሜሪ ስሌሰር ብቻዋን አልነበረችም

ወንድሜ፣ «የባለጸጋ ልጅ የነበረችው ስኮትላንዳዊቷ ሚስዮናዊት ሜሪ ስሌሰር ብቻዋን ናይጄሪያ ገብታ መንታ ሆነው የሚወለዱ ሕፃናትን ግድያ አስቆመች» ያልከው ብዙ ሰው የሚያወራው ነገር ነው። ግን ልክ አይደለም።

ሜሪ ካላባር የምትባለው የናይጄሪያ ከተማ የደረሰችው በ1876 ነው (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር)። የመጣችባት መርከብ ስም «ኢትዮጵያ» ነበር፤ ይቺን ለጨዋታ ያዛት። የስኮትላንድ ፕሬስቢቴሪያን (የፕሮቴስታንት) ሚስዮናውያን ግን እዚያ ከሰፈሩ ያኔ 30 ዓመት ሆኗቸዋል። የካላባር አለቆችም መንታ መግደልን የሚከለክል ስምምነት ከእንግሊዝ ቆንስል ጋር የተፈራረሙት በ1878፣ እሷ ገና አዲስ ሳለች ነው።

የእሷ ሥራ ሌላ ነው። ስምምነቱ ወረቀት ላይ ቢሰፍርም ገጠሩ ጋ አልደረሰም ነበር። በ1888 ኦኮዮንግ የሚባለው ገጠር ገብታ ከሕዝቡ ጋር ኖረች። የተጣሉ መንታዎችን እየሰበሰበች ቤቷ አሳደገች። የሕይወት ታሪኳ እንደሚለው፣ ማታ ማታ ሕፃናቱ የሚተኙባቸውን ተንጠልጣይ አልጋዎች በገመድ ታስርና አንዱ ሲያለቅስ ከተኛችበት ሆና ገመዱን እየሳበች ታወዛውዘው ነበር። አንድ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ቻለው ያሰኛል! ያም ሆኖ የአካባቢው ሴቶችና ያሳደገቻቸው ልጆች አብረዋት ይለፉ ነበር።

ሀብቱ ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ። አባቷ ጫማ ሰፊ ነበር። እሷም በ11 ዓመቷ በስኮትላንዷ ደንዲ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ ግማሽ ቀን እየሠራች ግማሽ ቀን ትማር ነበር።