ፎርማሊን ያስቀረውን «ሳይንስ ሻረው» አትበሉን

በቅርቡ በአንድ የሬዲዮ የጤና ውይይት ላይ አንድ የካንሰር ሐኪም፣ በጡት ዕጢ ውስጥ እንደ ዩፒኤ ያለ የኤንዛይም መጠን መለካት «ድሮ ቀርቷል፤ ዛሬ የሚነበበው ጂን ነው» አሉ። አዘጋጁም እሺ ብሎ አለፈ። ሊታለፍ የሚገባው ንግግር ግን አይደለም።

እስኪ ይሄን «ጂን» የተባለውን ከፍተን እንየው። ኦንኮታይፕ ዲኤክስ የሚባለው የጡት ካንሰር የጂን ምርመራ 21 ጂኖችን ያነባል። ከእነዚህ መካከል የካንሰሩን ወረራ እንዲያሳዩ የተመረጡት ሁለቱ ስትሮሜላይሲን 3 እና ካቴፕሲን ኤል 2 ናቸው። ሁለቱም ፕሮቲን የሚቆርጡ ኤንዛይሞች! ኤንዛይሙ እንዲሠራ የወጣው መልእክት ሲነበብ ዘመናዊ፣ ኤንዛይሙ ራሱ ሲለካ ኋላ ቀር የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

በዕጢው ውስጥ የሚለካው ኤንዛይም ዩፒኤ፣ ፕላዝሚኖጅን የተባለውን ፕሮቲን ወደ ፕላዝሚን ይለውጣል፤ ፕላዝሚን ደግሞ በሴሎቹ ዙሪያ ያለውን አጥር እየበላ ለካንሰሩ መንገድ ይከፍታል። ዩፒኤን የሚገታውና አብሮት የሚለካው ፕሮቲን ፒኤአይ-1 እንኳ ሲበዛ ምልክቱ መጥፎ ነው። ይህ የግምት ወሬ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የ8,377 ታካሚዎች መረጃ አንድ ላይ ተተንትኖ ታይቷል። በጀርመኑ ኬሞ ኤን ዜሮ ጥናት፣ ካንሰሩ ብብታቸው ላይ ያለው ንፍፊት ያልደረሰ ሴቶች በ10 ዓመት ሲታዩ፣ ሁለቱም ልኬት ዝቅ ያለላቸው 12.9 በመቶ፣ ከፍ ብሎባቸው ኬሞ ያልወሰዱት ደግሞ 23 በመቶ አገርሽቶባቸዋል። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርም በ2007 እ.ኤ.አ. በመመሪያው አካትቶታል።

ታዲያ ለምን ተገፋ? ዋናው ምክንያት ፎርማሊን ነው፤ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፈሳሽ። ምርመራው ትኩስ ሥጋ ይፈልጋል። ዕጢው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ፎርማሊን ውስጥ ሳይነከር ወጥቶ፣ ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ስቡንና የሞተውን ክፍል አስወግዶ 100 ሚሊግራም ያህል ቆርጦ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዘዋል። እንደቀዘቀዘ ተወቅጦ ይደቅቃል፤ ትራይተን ኤክስ-100 የሚባል ሳሙና መሰል ነገር ባለበት ፈሳሽ ይሟሟል፤ በከፍተኛ ፍጥነት ተሽከርክሮ ይጠራል፤ ከዚያ በፀረ እንግዳ አካላት የፕሮቲንን መጠን በሚለካው በኤላይዛ ምርመራ ይለካል። ውጤቱ ለጠቅላላው ፕሮቲን ይካፈላል። በአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን ዩፒኤ ከ3 ናኖግራም፣ ፒኤአይ-1 ከ14 ናኖግራም ካለፈ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ቁራጩ ላይ ጤነኛ ሥጋ ከበዛ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይወርዳል፤ ሴትዮዋም ደህና ሳትሆን «ደህና ነሽ» ትባላለች። ደም ከበዛበት ደግሞ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ፒኤአይ-1 ስለሚይዙ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። ፎርማሊን ከገባማ ፕሮቲኖቹ እርስ በርሳቸው ይተሳሰሩና ለኤላይዛ የሚሆን ነገር አይወጣም።

«ታዲያ ፎርማሊን የነካውን ቀለም ቀብተን በማይክሮስኮፕ እናያለን» የሚሉም አሉ። ይህ ከሁሉም የደከመው መልስ ነው። የቀለም ድምቀትን በዓይን መገመት ናኖግራም መቁጠር አይደለም። 3 እና 14 የሚሉት ቁጥሮች የተገኙት በኤላይዛ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ተበድረው አይሠሩም። ጥንቃቄ ስለሰለቸን መለኪያውን ለውጠን ስሙን ብቻ ማስቀረት ታካሚዋን ማታለል ነው።

በእኛ አገር ብዙዎቹ ሴቶች ካንሰሩ ብብት ከደረሰ በኋላ ስለሚመጡ ይህ ምርመራ የሚጠቅማቸው ጥቂት መሆናቸውን እቀበላለሁ። ፈሳሽ ናይትሮጅንም በየሆስፒታሉ የለም። ነገር ግን ያው ቸልተኝነት እዚሁ የምንሠራውን የኢስትሮጅን ተቀባይ ምርመራ፣ ማለትም ዕጢው ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን እንዳለው የሚታይበትን ምርመራም ያበላሻል። ዕጢው ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ተሰንጥቆ ፎርማሊን ካልገባ፣ እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ብቻ ካልቆየ ተቀባዩ እያለ «የለም» ሊባል ይችላል፤ ኢስትሮጅንን የሚያግደው መድኃኒት ታሞክሲፈን የሚያስፈልጋት ሴት ሳይታዘዝላት ትቀራለች። ስለዚህ ጂን ከማውራታችን በፊት፣ ዕጢው የወጣበት ሰዓትና ፎርማሊን የገባበት ሰዓት በናሙና መላኪያው ቅጽ ላይ ይጻፍ። ሰዓት ያልተጻፈበትን ናሙና ላቦራቶሪው ስልክ ደውሎ ይጠይቅበት።