የለድሎ ገበያ ለመኪና አይለቀቅም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ እንግሊዝ የገበያ ከተሞች የጻፈውን አነበብኩ። ምሳሌ ያደረጋት ለድሎን ነው፤ ሽሮፕሻየር ውስጥ፣ ከዌልስ ድንበር አጠገብ ያለችውን። "የአደባባይ ገበያ ጊዜው አልፎበታል፤ አሁን የቱሪስት ፎቶ ማንሻ ነው፤ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይሰጥ" ይላል። ደሜ ፈላ።

መጀመሪያ የፎቶውን ነገር። እዚያ ሰኞም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም ገበያ ይውላል። በጥር ብርድ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ድንች የሚያስመዝነው ቱሪስት ነው? ጎመኗን በዘንቢል ይዛ ወደ ቤቷ የምትወርደው አሮጊት ፎቶ ልታነሳ ነው የመጣችው? ሰውየው ከተማዋን ያያት አንድ የበጋ ቅዳሜ ብቻ መሆን አለበት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ገበያውን ከከተማዋ ላይ እንደ ትርፍ ነገር ነቅሎ መጣል ይቻላል ብሎ ማሰቡ ነው። ለድሎን በእግሩ የዞረ ሰው እንዲህ አይልም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ከተማዋን ሲቀይሱ ከግንቡ፣ ማለት ከጥንቱ ቤተ መንግሥት፣ በር እስከ ቡል ሪንግ ጎዳና ድረስ ሰፊ የገበያ ቦታ ተዉ። ነጋዴው እዚያ ጉሊቱን ዘረጋ። ጉሊቱ ዳስ ሆነ፣ ዳሱ ሱቅ፣ ሱቁም ፎቅ ቤት። ዛሬ ከአደባባዩ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ የምታገኟቸው ጠባብ መተላለፊያዎች ያኔ ገዢው በሻጮች መደዳ መሐል የሚሄድባቸው ናቸው። ስሞቹን ስሙ፤ ቡል ሪንግ የበሬ፣ ፊሽ ስትሪት የዓሣ፣ በተርክሮስ የቅቤ። በተርክሮስ የተባለው ሕንፃ በፈረንጆቹ 1740ዎቹ ሲሠራ ቅቤ የሚሸጠው ከሥሩ ነበር። እና ከተማ ውስጥ ሰተት ብሎ የገባው ገበያው አይደለም። ቤቶቹ ናቸው ገበያው መሐል የገቡት።

ደግሞ ጊዜ ያለፈበት የትኛው ነው? የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 7ኛ ልጅ አርተር በፈረንጆቹ 1502 የሞተው እዚያ ግንብ ውስጥ ነው። ዌልስን ያስተዳድር የነበረው ምክር ቤትም መቀመጫው እዚያው ነበር። በ1689 ምክር ቤቱ ሲቀር ግንቡ ጠባቂ አጣ፤ ዛሬ ጣሪያ እንኳ የለውም። ሹሞቹ ሄዱ፣ ሻጮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራው የጡብ የገበያ አዳራሽ በ1986 ሲፈርስም ገበያው አልተበተነም። አዳራሹ የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ድንኳኑን ተከለ። አሁን "ጊዜው አልፎበታል" የተባለው ይህ ገበያ ነው!

መኪና ማቆሚያ ማግኘት እንደሚያስቸግር አልክድም። ግን መኪናን ከከተማው ዳር አቁሞ በአውቶቡስ መግባት ይቻላል። ድንኳኑ ከተነሳ አይብ ሻጩ ወዴት ይሂድ? ስለ እሱ በጽሑፉ ውስጥ አንዲት መስመር የለም። ሰውየው አንድ ሰኞ ጠዋት በዚያ አውቶቡስ ይምጣ፤ ሲመለስም ዘንቢል ይዘው የሚሳፈሩትን ይቁጠር።