የስድስት ሳምንት ወረቀትና የደረጃው መብራት

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደው በ2015 ነው። ያን ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሱ አላለፈም። ውጤቱ የወጣ ዕለት እህቴ ደሴ ያለውን ቤቷን ዘግታ ዋለች። ጎረቤት ቡና ቢጠራት አልሄደችም። ስደውልላት «ሰው ምን ይለኛል?» ነው ያለችኝ።

ከመቶ ልጅ ከዘጠና ስድስት በላይ የወደቀበት ፈተና እንዴት የአንድ ቤት ነውር ይሆናል? ይህን ብዙ ጊዜ ነገርኳት። ለእናት ግን ቁጥር መጽናኛ አይሆንም። ስለዚህ ልጁን የኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን አጭር ስልጠና አስመዘገብኩት። ስድስት ሳምንት ነው። የከፈልኩትም እኔ ነኝ። ሲጨርስ ሰርተፊኬት ተሰጠው፤ እህቴም በፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው።

ልጁ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሄደ። እየተሠራ ያለ ፎቅ ላይ ሥራ ጠየቀ። ፎርማኑ ሰርተፊኬቱን ገልጦ እንኳ አላየም። ደረጃው ሥር ወሰደውና «ከታች አብርተህ ላይ ስትደርስ የምታጠፋው መብራት አገናኝልኝ» አለው። ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ እያንዳንዱ ሦስት ማሰሪያ ያለው፣ በመሀላቸው የሚመላለሱ ሁለት ሽቦዎች። ልጁ ሥዕሉን ያውቀዋል። ደብተሩ ላይ በሦስት ቀለም ስሎታል። ሽቦውን ግን በእጁ አስሮ አያውቅም። ለሃያ ሁለት ሰልጣኝ የነበረው አንድ የመለማመጃ ሰሌዳ ነው፤ እሱንም የሚነካው አሰልጣኙ ብቻ ነበር። እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲታገል ቆየ። መብራቱ ከታች በራ፤ ከላይ ግን አልጠፋ አለ።

ፎርማኑ ደግ ሰው ሆኖ አላባረረውም። «በረዳትነት ግባ» አለው። አራት ወር ቱቦ ቀበረ፣ ሽቦ ሳበ፣ ሳጥን ገጠመ። ዛሬ ያንን መብራት ዓይኑን ጨፍኖ ያገናኘዋል።

እኔ አሁንም በአጭር ስልጠና አምናለሁ። ሁሉም ሰው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ የለበትም። ሐኪም መሆን ሌላ ነገር ነው። የቤት መስመር ለመዘርጋት፣ ለመበየድ፣ ቧንቧ ለመግጠም፣ ጥሩ ዳቦ ለመጋገር ግን ዲግሪ አያስፈልግም። ዲግሪውም ቢሆን ከ2015 ጀምሮ ያለ መውጫ ፈተና አይገኝም፤ ክፍል መዋል ብቻውን እንደማይበቃ መንግሥትም አምኗል ማለት ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዲግሪን ያረከሰብንን በሽታ ወደ አጭር ስልጠናም እያመጣነው ነው። ወረቀቱ ይቀድማል፤ እጁ ይረሳል።

በመደበኛው የሙያ ትምህርት 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ይሁን ሲባል ስንት ዓመት ሆነው። አጭር ስልጠና ላይማ ተግባሩ ከዚያም መብለጥ ነበረበት። ጊዜው አጭር ነዋ! በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስቱን ሳምንት ማስታወሻ የጻፈ ልጅ ምን ቀረው?

ማሽን ውድ መሆኑን አውቃለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ እዚህ አካባቢ ብዙ ተቋም መዘረፉንም አልረሳሁም። ግን አንድ ሰሌዳ ይዞ ሃያ ሁለት ልጅ መመዝገብ የዕቃ እጥረት አይደለም። ልጆቹን መበደል ነው።

ወይዘሮ ስህንን ተመልከቱ። በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተጠራ ትምህርት ቤት ነው። የደሴ ትልልቅ ሰዎች «ስህን ነው የተማርኩት» ሲሉ ደረታቸው ይነፋል። ያው ግቢ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ልጃቸው እዚያ ገባ ሲባል ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ለምን? ወላጅ የሚያፍርበትን ትምህርት ልጅ በሙሉ ልቡ አይማረውም።

ሌላም አለ። ሐምሌ 2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የልብስ ፋብሪካ ሥራ የተከፋፈለ ነው፤ አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች። ለዚያ የሚሰጥ ስልጠና ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። ግን በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል ስታስወጣ፣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ፋብሪካ ሁሉ ተናጋ። በዚህ መሀል ኮሌታ ብቻ የምታውቅ ልጅ ከፋብሪካው ብትወጣ ምን ይዛ ትወጣለች? ልብስ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ለክታ መጨረስ የምትችል ግን ደሴ ፒያሳ አንድ ማሽን ተከራይታ ትኖራለች። አጭር ስልጠና ሲባል ይህን ልዩነት መጠየቅ አለብን። የሚያስተምሩን ሙያ ነው ወይስ የአንድ ድርጅት አንዲት እንቅስቃሴ?

ወላጆች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሂዱና ወርክሾፑን እዩ። ማሽኑን ቁጠሩ። ሰልጣኙን ቁጠሩ። ስልጠናው ከሙያ ትምህርቱ ደረጃ 1 ወይም 2 ጋር ይያያዝ እንደሆነ፣ ልጁ ሲጨርስ ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት ምዘና ይቀርብ እንደሆነ ጠይቁ። ምዘናው ጥሩ የሚሆነው ያሰለጠነው ሰው ራሱ ስለማይመዝን ነው። ልጁ በኋላ መቀጠል ቢፈልግም ደረጃ በደረጃ መውጫ መንገድ ይኖረዋል። ይህን ሳልጠይቅ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አደራ እላለሁ።

ለኮሌጆቹም አንድ ልመና አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ወርክሾፖቻችሁን ለአጭር ሰልጣኞች ክፈቱ። አሰልጣኝ ትርፍ ሰዓቱ ይከፈለው። ሰልጣኙ ኤሌክትሮዱንና ሽቦውን ከራሱ ይግዛ ቢባል እንኳ ብዙው እሺ ይላል። ጎን ለጎን ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎችና ኮንትራክተሮች ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ ወር በራቸውን ቢከፍቱ፣ የእህቴ ልጅ በአራት ወር ያገኘውን ሌላው ቀድሞ ያገኘዋል።

ባለፈው ሳምንት ስለዚህ ጉዳይ ከእህቴ ልጅ ጋር አወራን። ወርክሾፕ ቅዳሜ የሚከፈት ከሆነ ብየዳ መልመድ ይፈልጋል። ፎርማኑ የብረት በር ሥራ መጥቶለታል፤ የሚበይድለት ሰው ግን አጥቷል።