ይድረስ ለክቡር አቶ ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ)፣ ባሉበት ቺፕ ውስጥ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነበርኩ፣ እስከ ቅዳሜ።

ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ፣ ለአንዲት ዶሮ አርቢ እናት የሰራሁትን የእንቁላል መፈልፈያ ላስረክብ ሄድኩ፣ ጎረቤት ተጠርቷል፣ ቡና ተፈልቷል፣ 60 እንቁላል ተደርድሯል፣ ሶኬቱን ሰካሁት። 37.5 ዲግሪ ማለት ያለበት ስክሪን 36 አለ፣ 38 አለ፣ ደሞ 37። እሳቸው አይተው አይተው "ልጄ፣ እቺ ራሷ ወባ ይዟታል መሰለኝ" አሉኝ። ሳቁ እስከ አጥሩ በር ሸኘኝ።

ውለታዎን ልዘርዝረው። የሙቀት ሴንሰሬ ለ1 ዲግሪ የሚሰጠኝ 10 ሚሊቮልት ነው፣ ማይክሮኮንትሮለሩ (ማሽኑን የሚያዘው ቺፕ) ደግሞ 5 ቮልቱን 1024 ቦታ ቆራርጦ ስለሚያነብ አንዷ ቁራጭ 5 ሚሊቮልት ገደማ፣ ማለትም ግማሽ ዲግሪ ናት። እርስዎ 15 ሚሊቮልት ሲያስነጥስዎ እኔ በዲግሪ ተኩል ተዋረድኩ። ስክሪኑ እኮ 7 ለመጻፍ 3 መስመር ያበራል፣ 8 ለመጻፍ 7ቱንም፣ ያ ሁሉ ከረንት ፀጉር በምታክል የግራውንድ (የከረንት መመለሻ) ሽቦ ሲወጣ የቺፑ ግራውንድ ይዘላል፣ ስክሪኑን የሚያዘው ዲጂታሉና ሙቀቱን የሚለካው አናሎጉ አንድ ሲሊከን ላይ ስለተቀመጡ መለኪያውም አብሮ ይዘላል። የሚያሳየው ቁጥር የሚለካውን ይረብሻል በቃ! ኮንዶሚኒየም የኖረ ይገባዋል፣ አራተኛ ፎቅ ሙቀጫ ሲወቀጥ ሶስተኛ ፎቅ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል፣ በር ብትዘጋ ምን ዋጋ አለው፣ የሚያመጣው ወለሉ ነዋ።

ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከሬ ላይ ድርርር የሚሉትን ትቼዋለሁ።

እርስዎን ለምታረጋጋ አንዲት 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ብዬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ቆሜ መርካቶ ስደርስ "አልቋል፣ ሰኞ ና" የተባልኩትም በእርስዎ ምክንያት ነው።

ቆይ ግን፣ እርስዎ ምናምን ይቅር። ስማ! ሴትየዋ እቁብ ደርሷቸው ነው ያሰሩት። ውስጡ 36 ሆኖ አንተ 37.5 ብታስብለው ማሞቂያው ይጠፋል፣ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል፣ እሳቸው 21 ቀን ጠብቀው የገማ እንቁላል ይሰብራሉ። ቀብዱን መለስኩላቸው፣ አይናቸውን ማየት ግን አቃተኝ።

ደሞ አታውቀኝም እንዳትል፣ ቺፑን የሰሩት ሰዎች ራሳቸው መለኪያው ሲያነብ ፕሮሰሰሩ የሚተኛበት ሞድ ያስገቡት ላንተ ብለው ነው። እኔ ነኝ ያላነበብኩት። አሁን ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ፕሮሰሰሩን አስተኝቼ፣ 16 ጊዜ ለክቼ አማካዩን ነው የማሳየው።

የፊታችን ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ተመልሼ እሄዳለሁ። እባክዎ እንዳይገኙ።

አክባሪዎ፣
ባለ ወባዋ ማሽን